ሙስል ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እንዳይዛመት ጀልባን ማጽዳት፣ ማንጠፍጠፍና ማድረቅ

ዜብራ ሙስልና ኳጋ ሙስል የሚባሉት ባለሁለት ክፋይ ዛጎል እንስሳት የመጡት ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን አሜሪካ ሴንት ክሌር ሐይቅ ውስጥ ዜብራ ሙስል ተገኘ። በ2007 ደግሞ ኳጋ ሙስል የሁቨር ግድብ በፈጠረው ሚድ ሐይቅ ታየ። በሁለቱ መካከል ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት አለ፤ የሚያገናኛቸው ወንዝም የለም። ይህን ያህል መንገድ ሊያሻግራቸው የሚችለው በተጎታች የተጫነ ጀልባ ነው። አንዴ ሰፊ ሐይቅ ውስጥ ከገቡ ጠራርጎ የሚያወጣቸው ዘዴ የለም፤ የግድቡን የውሃ መውሰጃ ቱቦ ይደፍናሉ፣ የዓሣ ጫጩት የሚመገበውን ፕላንክተን (ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) አጣርተው ይጨርሳሉ። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ያለው ጀልባው ከውሃ በወጣበት ሰዓት ላይ ነው።

እዚያው ዳር ላይ፣ መንገድ ሳትጀምሩ፣ የጀልባውን ሆድ በእጅ ዳብሱ። በቅርቡ የተጣበቁ ሙስሎች ለዓይን አይታዩም፤ ለስላሳ መሆን የነበረበት አካል ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። የሞተሩን ውሃ መሳቢያ ወንፊት፣ የፕሮፔለሩን ዘንግ፣ የጥልቀት መለኪያውን ሴንሰር ዙሪያ፣ የተጎታቹን ሮለሮችና ምንጣፍ የለበሱ መደገፊያዎች አትዝለሉ። የተጠመጠመ አረም ካለ ሙስል ሊኖርበት ስለሚችል ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨምሩት እንጂ ወደ ውሃው አትመልሱት። መልህቅና ገመድ ላይ የቀረ ጭቃም እዚያው ይራገፍ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃውን ማውጣት ላይ ነው። የሙስል እጭ በዓይን አይታይም፤ ንጹሕ በሚመስል ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ ይጓዛል። ውታፎቹን ሁሉ ንቀሉ። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች አውርዱና መንጠባጠቡ እስኪያቆም ጠብቁ። የዓሣ ማቆያውን ሣጥንና የማጥመጃ ባልዲውን ድፉ፤ ወለል ሥር የተጠራቀመውን በስፖንጅ ምጠጡ። የባላስት ታንክ፣ ማለትም ጀልባውን ለማክበድ ውሃ የሚሞላበት ታንክ፣ ያለው ጀልባ የባሰ አስቸጋሪ ነው፤ ፓምፑ ታንኩን ጨርሶ ስለማይመጥ ሊትሮች ይቀራሉ። ለዚህ መፍትሔው ሙቅ ውሃ ነው።

ሙስልን የሚገድለው ሙቀት እንጂ ግፊት አይደለም። የማጠቢያ ማሽን ግፊት ከጀልባው ያላቅቃቸዋል፤ ወድቀው ግን በሕይወት ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ እጣቢው ተመልሶ ወደ ሐይቁ በማይፈስበት ቦታ እጠቡ። የጀልባውን አካል የሚነካው ውሃ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ እያንዳንዱን ቦታ ቢያንስ 10 ሰከንድ ይምታ። ቴርሞሜትሩን ማሽኑ ጋ ሳይሆን ጀልባው ላይ ያዙት፤ ውሃው ከአፈሙዙ ወጥቶ እስኪደርስ ሙቀቱ ብዙ ይወርዳል። ለታንክና ለፓምፕ፣ ላስቲክና ፕላስቲኩ እንዳይጎዳ፣ 50 ዲግሪ ያህል ውሃ ከ2 ደቂቃ ተኩል ላላነሰ ጊዜ አሳልፉ፤ ልኩ የሚወሰደው በሚወጣው ውሃ ነው። በረኪና አትጠቀሙ፤ ትልቁ ሙስል መርዝ ሲሸተው ዛጎሉን ገጥሞ ይጠብቃል፣ ፍሳሹ ደግሞ ዓሣን ይጎዳል።

ሙቅ ውሃ ከሌለ ያለው አማራጭ ማድረቅ ነው። በሞቃትና ደረቅ አየር ቢያንስ 5 ቀን ይፈጃል፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አየር እስከ 30 ቀን ሊደርስ ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከውሃ ከወጣበት ሳይሆን የመጨረሻው እርጥበት ከጠፋበት ነው። ክዳኖችን ሁሉ ክፈቱ፣ ውታፎቹ እንደተነቀሉ ይቆዩ፣ እርጥብ ጀልባ ላይ ሸራ አታልብሱ። የሕይወት አድን ጃኬትና ገመድ ተጠቅልለው ከተቀመጡ ውስጣቸው አይደርቅም፤ ዘርግታችሁ ስቀሏቸው።

ሙስል ባለበት ውሃ ለሳምንታት ታስሮ የቆየ ጀልባ በዚህ ብቻ አይታለፍም። የሞተሩ የማቀዝቀዣ ቱቦ ውስጥ ሳይቀር ተጣብቀው ሊያድጉ ስለሚችሉ ሥልጠና ባላቸው ሰዎች ይጽዳ። የሞቱ ዛጎሎችም ቢሆኑ ይነሱ፤ ከቀሩ የሚቀጥለው ተቆጣጣሪ በሕይወት ካለው ሊለያቸው አይችልም። ሙስል ካገኛችሁ ጀልባውን ወደ የትኛውም ውሃ አታስገቡ፤ ፎቶ አንሡና ሐይቁን ለሚያስተዳድረው አካል ወዲያው አሳውቁ።