የሰፈር መንገድ በመኪና ሲሞላ፦ ከጎረቤት ሳይጣሉ መፍትሔ እንዴት ይገኛል?

የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኮብልስቶን የተነጠፈበት አንድ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ነው። ርዝመቱ 150 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር ነው። ግራና ቀኝ 24 ግቢ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማታ ስገባ ማቆሚያ ፍለጋ ሰፈሩን ሦስቴ እዞር ነበር። ጠዋት ደግሞ የግቢዬ በር ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው መኪና ቆሞ ልጆቼ ትምህርት ቤት ያረፍዳሉ። ዛሬ ያ ችግር በአብዛኛው ተቃልሏል። እንዴት እንደተፈታ ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ግን እኔ ካጠፋሁት ልጀምር።

ድንጋይ አታስቀምጡ

የሰለቸኝ ጊዜ አሮጌ ጎማ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቼ፣ መሃሉ ላይ ብረት ተክዬ በሬ ፊት አቆምኩት። ለራሴ መኪና ቦታ መያዜ ነበር። በሳምንቱ የፊት ለፊቱ ጎረቤቴ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ አስቀመጠ። ወር ሳይሞላ ሰባት ግቢ በር ላይ ድንጋይ፣ በርሜል፣ ጎማ ተደረደረ። የሚያቆም ሰው ደግሞ ድንጋዩን እየሸሸ ወደ መሃል መጣ።

አንድ ሌሊት ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖሩ እናት ታመሙ። አምቡላንስ ተጠራ፤ ቶሎም ደረሰ። ግን መግባት አልቻለም። እኔ ያቆምኩት ጎማና ከፊት ለፊቱ የቆመው ሚኒባስ መንገዱን አጥብበውታል። ሾፌሩ ሞከረ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ አቆመ። እኛ ወንዶቹ በጋቢ ይዘናቸው እስከ መንገዱ አፍ ወጣን። ጋቢው ከእጄ ሲያዳልጥ፣ እሳቸውም «ቀስ በሉ ልጆቼ» ሲሉ አሁንም ይሰማኛል። ደግነቱ ዳኑ። እኔ በማግስቱ ጎማዬን አንከባልዬ አወጣሁ።

መንገዱ የሕዝብ ነው። በራችን ፊት ያለው ቦታም የእኛ አይደለም። በሕግም፣ በጎረቤትነትም ቢሆን ድንጋይ የሚያመጣው ጠብ ብቻ ነው። ጎማ ማስተንፈስም፣ የሰው መኪና ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍም ያው ነው። ሁለቱንም ሰፈራችን ሞክሯቸዋል፤ ቂም እንጂ ቦታ አልተረፈንም።

ቁጠሩ

ከሁሉም የሚከብደውም የሚጠቅመውም ይሄ ነው። ሁላችንም ጥፋተኛውን የምናውቅ ይመስለን ነበር። መንገዱ አፍ ላይ ያለው ካፌ ነው፤ ደንበኞቹ ናቸው የሚዘጉብን እንል ነበር። ካፌው ላይ ፊርማ ልናሰባስብም ተነስተን ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው «መጀመሪያ ቁጠሩ እንጂ» ያሉን።

የሚቆጠረው በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት። የሌሊቱ ዋናው ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ከቆጠራችሁ ያልገባ አለ፤ ንጋት 12 ላይ ከቆጠራችሁ የታክሲ ሥራ የሚሠሩት ወጥተዋል። 10 ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ቤቱ ነው። አንድ የሥራ ቀን፣ አንድ እሑድ ውሰዱ። ደብተር ላይ ታርጋውን፣ የቆመበትን በር፣ የማን እንደሆነ ጻፉ። የማታውቁትን የሰፈሩ ዘበኛ ያውቀዋል። እሱን ሳትይዙ አትውጡ፤ ሌሊት የሰው መኪና ላይ ባትሪ እያበሩ መዞር ያስጠረጥራል።

የእኛ ውጤት አስደነገጠን። ሌሊት መንገዱ ላይ 29 መኪና ነበር። 21ዱ የራሳችን፣ ማለትም የባለቤቶችና የተከራዮች ናቸው። 5ቱ ከጎን ካለው ቅያስ የሚመጡ ናቸው። 3ቱ ሸራ ለብሰው፣ መለዋወጫ እየጠበቁ ከዓመት በላይ የቆሙ ናቸው። የካፌው ደንበኛ ግን አንድም የለም! እነሱ የሚመጡት ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ሌሊቱን የሞላነው ራሳችን ነን። ፊርማው ቀረ።

ለኩ

ሜትር ያዙና ስፋቱን ለኩ። እንደ ቪትዝ ያለ ትንሽ መኪና ወርዱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው። ከጠርዙ ራቅ ማለቱ ሲጨመር በየጎኑ 2 ሜትር ይይዛል። የእኛ መንገድ 6 ሜትር ስለሆነ ግራና ቀኝ ከቆመ መሃል የሚቀረው 2 ሜትር ነው። የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ ስፖኪዮው ሳይቆጠር 2 ሜትር ተኩል ያህል ወርድ አለው። አይገባም ማለት ነው። የሽንት ቤት መምጠጫ ቦቴም አይገባም፤ እሱ ሳይገባ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ሰፈር ያለው ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ በአንድ ጎን ብቻ ይቆማል። ክርክሩ የትኛው ጎን የሚለው ነው። በር የሚያንሰውን ጎን ምረጡ። ከወሰናችሁ በኋላ ግን ፈትኑት። እኛ ሰፈር ውስጥ ትልቁ መኪና የአንድ ጎረቤት ሃይሉክስ ነው። ከግቢው ወደ ኋላ እንዲወጣ አድርገን፣ ፊት ለፊት የቆመ መኪና የሚነካበትን ቦታ በኖራ ምልክት አደረግን። ሦስት በር ፊት ለፊት ምንም መቆም እንደሌለበት ያየነው ያኔ ነው። በወረቀት ላይ ብናሰላው ኖሮ ያመልጠን ነበር። በሮቹና ማዕዘኖቹ ተቀንሰው ለትንሽ መኪና 5 ሜትር፣ ለፒካፕ 6 ሜትር ሲያዝ የወጣልን 17 ቦታ ነው። 29 መኪና፣ 17 ቦታ። 12 ተረፈ።

ቤት ለቤት ሂዱ

ስብሰባ አትጥሩ፤ ገና ነው። ሰው በተሰበሰበበት የተነካ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም። አስቀድማችሁ ቤቱ ሂዱለት፤ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት።

እኔ እዚህም ላይ ተሳስቼ ነበር። ሰፊ ግቢ ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ። ሁለት ተከራዮቻቸው መንገድ ላይ ነው የሚያቆሙት። ሄጄ «ተከራዮችዎ መንገዱን ዘጉት» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ መኪና የለኝም» ብለው በሩን ዘጉ። እውነታቸውን ነው፤ የሄድኩት ልከሳቸው ነበር።

በሁለተኛው ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ቁጥሩን አሳየኋቸው። ግቢያቸው ውስጥ ቤት ሲታደስ የተረፈ ጣውላ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ የተሰነጠቀ የውሃ ታንከር ተቆልሎ አየሁ። «ጋሼ፣ ይሄን እኛ ብናነሳልዎትስ?» አልኩ። ዝም ብለው ቆዩና «ለብቻዬ አቅቶኝ እኮ ነው» አሉ። በቀጣዩ ቅዳሜ አምስት ሆነን አነሳነው። ቆርቆሮውንና ብረቱን ቁራሌው ገዛው፤ ብሩን ለእሳቸው ሰጠናቸው። የሁለቱም ተከራዮች መኪና ገባ።

በዚህ መንገድ ስድስት መኪና ወደ ግቢ ገባ። ሸራ የለበሱት ሦስቱም ተነሱ፤ አንዱ ጋራዥ ሄደ፣ አንዱ ተሸጠ፣ አንዱ ባለቤቱ ዘመድ ግቢ ወሰደው። ሦስት ቀረ። ለእነሱ በአቅራቢያችን ያለ ትምህርት ቤት ሌሊት ግቢው ባዶ ነውና በወር ክፍያ አስገባቸው። የእናንተ ሰፈር ትምህርት ቤት ባይኖረው የታጠረ ባዶ ቦታ ወይም ማታ የሚዘጋ መጋዘን ፈልጉ። ዘበኛ ያለበት ይሁን። ከጎን ቅያስ የሚመጡትን አምስቱን አላባረርናቸውም። ቆጠራው ውስጥ ገብተዋል፣ ቦታም አላቸው። ብናባርራቸው ነገ ወደ ሌላ ሰው በር መሄዳቸው ነው።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች መንገዱ ትንሽ ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶች ማህበር አላችሁ፣ ከብሎካችሁ ውጭ ያለው ግቢም የጋራ ነው። ቆጠራውን ለማህበሩ ኮሚቴ አቅርቡ። መሬት ላይ ያለ ሱቅ የራሱን ደንበኛ ቦታ በሰንሰለት ካጠረ፣ መነጋገር ያለበት ማህበሩ ነው፤ እናንተ ለብቻችሁ አትጋፈጡት።

እድር ላይ አስወስኑ

ስምምነቱ በቃል አይቅር። ለዚህ እድርን የሚያህል የለም። ወርሃዊ ስብሰባ አለው፣ የማይመጣ ሰው የለም፣ ጸሐፊ አለው። ነጥቦቹን አሳጥሩ። በአንድ ጎን ብቻ ይቆማል። ሁሉም ስልክ ቁጥሩን መስታወቱ ሥር ያስቀምጣል። የታርጋና የስልክ ዝርዝር ዘበኛው ደብተር ላይ ይኖራል። በቃ። እኛ መጀመሪያ ቅጣት ጨምረን ነበር፤ ግማሹ ሰው በእሱ ተጨቃጭቆ ሄደ። ቅጣቱ ሲወጣ ሁሉም ፈረመ።

ስለ ስልኩ አደራ እላለሁ። በየበሩ «መኪና ማቆም ክልክል ነው» የሚል ተጽፏል፣ ማንም አያነበውም። ካርቶን ላይ በጉልህ የተጻፈ አንድ ስልክ ቁጥር ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ክላክስ ከማስጮህ ያድናል። እስክሪብቶ በፀሐይ ይጠፋል። በወፍራም ማርከር ጻፉ፣ ሲደበዝዝ አድሱት።

ምልክቱን በአንዴ በቀለም አትቀቡ። አንድ ወር በኖራ ሞክሩት፣ የሚነሳ ቅሬታ አለና። ቋሚ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ወረዳው በደብዳቤ ይወቀው። ኮብልስቶን ሸካራ ስለሆነ ረጅም መስመር ቶሎ ይላጣል፤ የየቦታውን ጥግ ብቻ ቀቡ።

የለቅሶና የሰርግ ቀን

ድንኳን ሲተከል መንገዱ ይዘጋል፤ ይሄን ማንም አይከለክልም። የሚያስፈልገው መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ መወሰን ነው። ትምህርት ቤቱ ለለቅሶ ቀናት ግቢውን በነፃ ሊከፍትልን ተስማምቷል። ለፋፊው ሲዞር መኪና ያለው ሰው አንስቶ ወደዚያ ይወስዳል። ድንኳኑ በመንገዱ አንድ ጫፍ በኩል ይተከል፣ ሌላው ጫፍ ለአምቡላንስ ክፍት ይሁን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የእሳት አደጋ 939 ዘበኛው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፈው ይቀመጡ።

ካፌውንስ? ከባለቤቱ ጋር አሥር ደቂቃ አወራን። ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ጥበቃው ደንበኞችን በአንድ ጎን እንዲያስቆም ተስማማ። ቀለሙን የገዛውም እሱ ነው።

በየስድስት ወሩ አንድ ሌሊት እንደገና እንቆጥራለን። ባለፈው 18 ወጣ። አዲስ ተከራይ ገብቶ ነበር፣ ማንም አልነገረውም። አሁን አከራዮቹ ቁልፍ ሲያስረክቡ ይዘውት ወጥተው የሚያቆምበትን ቦታ ያሳዩታል።