እግሬ ይሄዳል፣ ኪሎዬ አይሄድም፦ ክብደት ስንቀንስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሚዛን ላይ ወጣሁ። 91 ኪሎ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው፤ ስለዚህ “አጥንቴ ከባድ ሆኖ ነው” የምትለዋ ምክንያት አላዋጣችኝም። ሱሪዬም ቀደም ብሎ ነግሮኝ ነበር።

በማግስቱ ጧት 12 ሰዓት ተነስቼ ጣና ዳር ዳሩን እስከ ዓባይ ድልድይ መሄድ ጀመርሁ። በሳምንት አምስት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት። ባሕር ዳር በጧት እንዴት እንደምታምር የሚያውቅ ያውቃል። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፣ ባጃጁ ገና አልበዛም፣ ቦርጫም ሁሉ እንደኔ ተስፋውን ይዞ በዘንባባው ሥር ዱብ ዱብ ይላል። ሁለት ወር እንዲህ ከሄድሁ በኋላ፣ ገና ሲደርስ ተመዘንሁ። 91 ተኩል! ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ፋርማሲ ሄድሁ። የዚያኛውም ተበላሽቷል።

ከዚያ ወዲህ አነበብሁ፣ ቆጠርሁ፣ ጓዳዬንም መረመርሁ። ጓደኞቼም እኔ የተሳሳትሁትን እየተከተሉ ሲሳሳቱ ስላየሁ እስኪ አንድ በአንድ ላውጋችሁ።

“የበላሁትን በእግሬ አወርደዋለሁ”

ትልቁ ስህተት ይኸ ነው።

ሒሳቡን እንየው። እኔን የሚያህል ሰው አንድ ሰዓት ደህና አድርጎ ቢራመድ የሚያቃጥለው 300 ካሎሪ ገደማ ነው። ያውም ቁጭ ቢል ኖሮ ሊያቃጥለው የነበረው ሁሉ ተደምሮ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። እንግዲህ አካፍሉት። ምግቤ ላይ አንዲት ጉርሻ ባልጨምር እንኳ፣ አንድ ኪሎ ለማውረድ ከ25 ቀን በላይ መሄድ አለብኝ።

እሺ፣ ይሁን፣ እሄዳለሁ። ጉዱ ያለው ግን ከጉዞው በኋላ ነበር። በላብ ተጠምቄ ስመለስ አንዲት ጁስ ቤት አለች፣ እሷ ጋ ጎራ እላለሁ። ትልቅ ብርጭቆ አቮካዶ፣ ከነስኳሩ፣ “ስፖርት ሠርቻለሁ እኮ፣ ይገባኛል” እያልሁ። ይቺ ብርጭቆ በቀላሉ 300 ካሎሪ ታልፋለች። ለመሄድ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ ለመጠጣት አራት ደቂቃ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሁለት ጠርሙስ ቢራ፤ እሱም 300 ገደማ ነው። አልኮል በግራም 7 ካሎሪ አለው፣ ስኳር 4፣ ስብ 9። ሁለት ወር ሙሉ በአንድ እጄ ስከፍል በሌላው ስበደር ነበር ማለት ነው። ግማሽ ኪሎዋ ወለዱ ናት።

“ገበሬውን ያቀጠነው ሞፈሩ ነው”

አባቴ ደምበጫ አካባቢ ገበሬ ነው። ሰባውን አልፏል፤ ቀበቶው ወገቡን ሁለት ጊዜ ሊዞረው ምንም አልቀረው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ “ያን ሁሉ እያረሰ፣ ያን ሁሉ ዳገት እየወጣ ከየት አምጥቶ ይወፍራል” ስል ኖርሁ።

ከዚያ ስለ ሐድዛዎች አነበብሁ። ሐድዛዎች ሰሜን ታንዛኒያ ውስጥ እያደኑና ሥራ ሥር እየቆፈሩ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በየቀኑ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ሄርማን ፖንዘር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እነዚህ ሰዎች በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚያቃጥሉ ለክተው በፈረንጆቹ 2012 ውጤቱን አወጡ። የሰውነታቸው መጠን ታስቦ ሲነጻጸር፣ ወንበር ላይ ከሚውለው አሜሪካዊና አውሮፓዊ ብዙም አልተለየም። ሰውነት ጮሌ ነው። በአንድ በኩል ብዙ ሲወጣበት በሌላ በኩል ይቆጥባል። በምን ያህል ይቆጥባል የሚለው ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ።

ይኸን ይዤ ለጥምቀት አገር ቤት ገባሁ። በዚህ ጊዜ ሞፈሩን ትቼ ጓዳውን አየሁ። ዘይት ሽሮው ላይ ጠብ የሚለው እንደ መድኃኒት ነው። ስኳር ለእንግዳ ነው። ሥጋ ለዓመት በዓል። ያ አዲስ አበባ ላይ “የጎጃም ቅቤ” እያላችሁ የምትሻሙበት ቅቤ ገበያ ይወጣል እንጂ በየቀኑ ወጥ ውስጥ አይገባም። መክሰስ ከተባለ ቆሎ ነው፣ እሱም በእፍኝ። አባቴ ለፋሲካ የሚበላውን እኔ ባሕር ዳር ላይ ማክሰኞ ማታ እበላዋለሁ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ማክሰኞ ስለሆነ ብቻ።

እና ሞፈር አያቀጥንም አላልሁም። ግን ብቻውን አይደለም።

“እንጀራ ነው ያወፈረኝ”

ምስኪን እንጀራ! አንድ የሥራ ባልደረባዬ “ዳይት ጀምሬያለሁ” ብሎ እንጀራ እርም አለ። ምን እንደሚበላ ስጠይቀው፣ ዳቦ በሻይ፣ ማታ ፓስታ። ከወር በኋላ ጨመረ። “ሰውነቴ እንጀራ ስለለመደ ነው” አለኝ፣ ምን ልበለው!

100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 360 ካሎሪ አለው። የስንዴ ዱቄትም ያው ነው። ዳጉሳ ብትቀላቅሉበትም ብዙ አይለወጥ። ልዩነቱ ውሃው ላይ ነው፤ እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ እኩል መዝናችሁ ብትበሉ ዳቦው በካሎሪ ይበልጣል።

እንጀራው ሳይሆን እንጀራው ላይ የሚፈስሰውን ነው ማየት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። የሆቴል ሽሮ ድስቱ ጠርዝ ላይ ዘይቱ እያብለጨለጨ ሲመጣ ሦስት ማንኪያ አያንሰውም። እንግዲህ የአንድ ሰዓት ጉዞዬ እዚያች ድስት ጠርዝ ላይ ቀረ። “እኔ እንኳ አሳ ነው የምበላ” የምትሉ የባሕር ዳር ልጆችም አላችሁ። ቆሮሶ ግሩም ምግብ ነው፣ ፕሮቲኑም የታወቀ ነው፤ ግን ዘይት ውስጥ እየዋኘ የተጠበሰውና ቤት ውስጥ በትንሽ ዘይት የተሠራው አንድ አሳ አይደሉም።

ዘይት ስትለኩ ሚስት ወይም እናት “ደኸየን እንዴ?” ማለቷ አይቀርም። ታገሡ።

“ሁዳዴ ሲገባ እከሳለሁ”

ጾሙ ለነፍስ ነው፣ እሱን ለአባቶች እንተወው። ግን ለቦርጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ካቻምና 55 ቀን ጾሜ ፋሲካ ላይ ያው ነበርሁ። እንዴት?

እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም። ከዚያ የወጣው ጎርፍ ነው። የተጠበሰ ድንች፣ ሳምቡሳ፣ ፓስታ በዘይት፣ ከላዩ ላይ ኦቾሎኒ። ኦቾሎኒ “የጾም” ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ 100 ግራሙ ግን ከ560 ካሎሪ በላይ ነው። ሥጋና ቅቤው ሲወጣ ዘይቱ ቦታውን ይይዛል። ቀኑን ሙሉ አለመብላት በራሱ አያከሳም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ በአጠቃላይ የገባው ነው የሚቆጠረው። ጾሙን ከባቄላው፣ ከሽምብራው፣ ከምስሩና ከጎመኑ ጋር የያዘው ሰው ይጠግባልም ይቀንሳልም። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ምግብ ከማቆየታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ይኸ የቀልድ አይደለም።

“ጠገብሁ” ማለት አለመቻል

ካሎሪ መቁጠር ፈረንጅ አገር ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ሳህኑን ይዞ ጥጉ ላይ ይቀመጣል። እኛ ከአንድ መሶብ አራት ሆነን ነው የምንበላው። ምን ያህል እንደበላህ አንተም አታውቅ፣ እግዜር ይወቀው። በዚያ ላይ ጉርሻ አለ። በዚያ ላይ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ዝክር፣ ሠርግ፣ ተዝካር አለ። አንድ ወር ውስጥ ስድስት ቦታ ተጠርቼ አውቃለሁ፤ ስድስቱም ቦታ ጠላ ነበር።

እማዬ ጋ የተባባልነውን ልንገራችሁ።

“ብላ እንጂ ልጄ!”

“ጠገብሁ እማዬ።”

“ይኸን ታክል ቀምሰህ ነው ጠገብሁ የምትል? ምን ነካብኝ ልጄን! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።”

ይቺ ብቻ የተባለችው የዶሮ ብልት፣ እንቁላል፣ ግማሽ እንጀራ ናት። አፈር ስሆን ከተባለ በኋላ ደግሞ መልስ የለም።

የሠራልኝ ዘዴ ጥቂት ነው። ቀስ ብሎ መብላት፤ ቀድሞ የጨረሰ ሰው ነው ጨምር የሚባል። ከእንጀራው በፊት ጎመኑንና ሰላጣውን ወደ ራስ መጎተት። ጉርሻውን እምቢ አለማለት፣ ግን ዞር ብሎ ለሌላ ማጉረስ፤ ማንም አይቀየምህም፣ እንዲያውም ትመሰገናለህ። ጠላ ሲቀዳ እየተጎነጩ ማቆየት፤ ጣሳው እስካልጎደለ ድረስ ቀጂዋ አትመጣም። ድግስ የተበላ ዕለት ማታ ደግሞ እራት መተው። “እንግዲህ ዛሬ ተበላሽቷል” ብሎ ሳምንቱን ሙሉ መብላት ግን ከድግሱ የባሰ ጥፋት ነው።

ላብና ላስቲክ

ሆዱን በላስቲክ ጠቅልሎ የሚሮጥ ሰው አሁንም አለ። የሚወጣው ውሃ ነው፤ ሲጠጣ ይመለሳል። በቀን 200 ጊዜ ሆድ ላይ መታጠፍም ከሥሩ ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ስቡን ከዚያ ቦታ አይነቅለውም። ስብ ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው ሰውነት ነው። የሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ዝንጅብል፣ አብሽ ነገርም እንዲሁ። ጠጡት፣ ይጣፍጣል።

በየቀኑ መመዘን

ክብደት በውሃና በጨው ብቻ በቀን አንድ ሁለት ኪሎ ይወጣል ይወርዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሦስት ኪሎ ቀነስሁ ብላችሁ አትጨፍሩ፤ ሰውነት ያጠራቀመው ስኳር ሲያልቅ ይዞት የነበረው ውሃም አብሮ ይወጣል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጧት፣ ሳይበሉ። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከወረደ ደህና ነው።

“እንግዲያው ስፖርት ምን ያደርጋል?”

ይኸኛው ከሌላው ጫፍ የሚመጣ ስህተት ነው፤ እኔም ገብቼበት ነበር። ጓዳ ነው ዋናው የሚለው ሲገባኝ ጣና ዳርን እርግፍ አድርጌ ተውሁ። “80 በመቶው ምግብ፣ 20 በመቶው ስፖርት” ሲባል ሰምታችኋል መቼስ። ቁጥሩ ለአፍ ይጣፍጣል እንጂ ማንም ለክቶ ያገኘው አይደለም።

በምግብ ብቻ ስትቀንሱ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሩብ ያህሉ ጡንቻና ሌላ ነገር ነው። እኔ አራት ኪሎ በምግብ ብቻ ቀንሼ ፊቴ ገረጣ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ሰውም “ታመሃል እንዴ?” ይለኝ ጀመር። ጡንቻውን የሚያቆየው ክብደት ማንሳትና በቂ ፕሮቲን ነው። ለዚህ ጂም ግዴታ አይደለም። ሁለት ጀሪካን ውሃ አንጠልጥሎ መመላለስ፣ ፑሽ አፕ፣ ቁጭ ብድግ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። እንቁላል ደግሞ 70 ካሎሪ ይዞ 6 ግራም ፕሮቲን ይሰጣችኋል።

ሁለተኛው ነገር የወረደውን እንዳይመለስ መያዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን እየታዩ ክብደት በመቀነስ የተወዳደሩ 14 ሰዎችን ተመራማሪዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሰው አዩአቸው፤ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2016 ወጣ። አብዛኞቹ ብዙውን መልሰው ለብሰውታል። ሰውነታቸውም ዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር። እስከ መጨረሻው ይዘው ከቆዩት ጋ የተገኘው ትልቁ ልዩነት እንቅስቃሴ ነው፤ እነሱ መንቀሳቀሳቸውን አልተዉም ነበር።

ኪሎ ባይቀንስ እንኳ ደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ እንቅልፍ፣ እነዚህ በእንቅስቃሴ ይሻሻላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው። የእኔ የጧት ጉዞ 300 ነበር፤ ስሰድበው የኖርሁት ጉዞ ልቤን ሲጠቅም ነበር ማለት ነው፣ ቦርጬን ባይነካውም።

አንዲት ነገር ልጨምር። ጧት አንድ ሰዓት ሄዶ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መጣበቅ፣ ከቢሮ ገበያ ለሚያህል መንገድም ባጃጅ መጥራት፣ የጧቱን ያበላሸዋል። እኔ ባጃጁን ተውሁ። ባሕር ዳር እንደሆነች ሜዳ ናት፤ ብስክሌትም ይሄድባታል። የደብረ ማርቆስ ልጆች እናንተ በዳገታችሁ ተጠቀሙ።

አሁን 83 ነኝ። አሥር ወር ፈጀብኝ፣ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ቆሟል። ጧት ወደ ድልድዩ እሄዳለሁ፣ ጁስ ቤቷን በሩቁ ሰላም ብዬ አልፋታለሁ፣ ዘይት በማንኪያ ይለካል። አባቴ ባለፈው ሲያየኝ ቀበቶዬን ነካ አድርጎ ሳቀ። እማዬ ግን ለጎረቤት ሁሉ “ታሞብኝ ነበር፣ አሁን እያገገመ ነው” እያለች ታወራለች።