ራስ ምታቱን የሚደብቅ እንግዳ

በሰሜን ተራሮች እንግዳ ለምትመሩ፦ «ደህና ነኝ» የሚለውን መልስ ቶሎ አትመኑ። ራስ ዳሽንን ሊወጣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው የከፍታ ሕመም ምልክት የሆነውን ራስ ምታቱን ይደብቃል። እኔ እራት ሲቀርብ ማን ምግቡን እንደገፋ አያለሁ፤ ሳህኑ ከአፉ ይልቅ እውነቱን ይነግረኛል።

ከተጠራጠራችሁ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያስነካ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ጠይቁት። ከተንገዳገደ ከፍታው አንጎሉን አሳብጦት ሊሆን ይችላል። ያኔ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ብቻውንም አትልቀቁት። በበቅሎም ሆነ በእግር አጅባችሁ ወደ ታች አውርዱት።

ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታው ከፍታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ስለዚህ ከደባርቅ በመኪና በአንድ ጊዜ በጣም ከፍ ወዳለው የጨነቅ ካምፕ አድርሶ ማሳደር (አስጎብኚ ድርጅቱ ቢጎተጉታችሁም) ይቅር፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ከእሱ ዝቅ ባለው የሳንቃበር ካምፕ እደሩ።