የሪሞት መኪናችሁ መሪ ሲዞር ሪሲቨሩ (ከሪሞቱ ሲግናል የሚቀበለው) እየጠፋ ላስቸገራችሁ
25 ኪሎ ቶርክ ያለው ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረው ሞተር) ከገጠምኩ በኋላ፣ መኪናው ቆሞ መሪውን ጥግ ድረስ ሳዞረው የሪሲቨሩ መብራት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ጎማው እዛው ይቀራል። ሪሲቨር ቀየርኩ፣ ከሪሞቱ ጋር እንደገና ባይንድ አደረግኩ (አገናኘሁ)፣ ካፓሲተር ሰካሁ፣ ትንሽ ቢሻልም አለቀቀም። መጨረሻ ላይ መልቲሜትር ይዤ ሳየው መሪው ሲዞር 6 ቮልቱ ወደ 3 ምናምን ይወርዳል፣ ለካ ኢኤስሲው (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው) ውስጥ ያለው ቢኢሲ (ለሪሲቨሩና ለሰርቮው ኃይል የሚሰጠው) 3 አምፒር ብቻ ነው የሚሰጠው፣ እንዲህ አይነት ሰርቮ ደሞ ሲታገል ከዛ በላይ ይስባል።

ያዳነኝ ለብቻው የሚገጠም 10 አምፒር ቢኢሲ ነው፣ መግቢያውን ከባትሪው፣ መውጫውን ሪሲቨሩ ላይ፣ ከዛ ከኢኤስሲው ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደውን ቀይ ሽቦ ብቻ ከሶኬቱ አውጥታችሁ በቴፕ ጠቅልሉት፣ ጥቁሩን እንዳትነኩት። ቮልቱን ሰርቮው ላይ ከተጻፈው አታሳልፉ፣ የ6 ቮልቱ 7.4 ከሰጣችሁት ሊቃጠል ይችላል። ሪሞቱ ላይ ደሞ ኢፒኤውን (መሪው እስከ የት እንደሚዞር የሚወስነውን) ቀንሱት፣ ጥግ ላይ ሰርቮው መጮሁን እስኪያቆም ድረስ።