የአሮጌ መኪናዎ ቁልፍ ጠፋ? መዶሻውን ያስቀምጡ

ቁልፍ ሲጠፋ እጅ ቶሎ ወደ ካቻቪቴና መዶሻ ይሄዳል። እባክዎ ይታገሱ። የአሮጌ መኪና ቁልፍ ቺፕም ኮምፒውተርም የለበትም፤ ያለ ናሙናም እንደገና ሊቀረጽ ይችላል። የሚያስቸግረው የተሰበረ የቁልፍ ቤት መተካት ነው። ለሞዴሉ ልክ የሚሆን፣ ያልተነካ የቁልፍ ቤት ለማግኘት ብዙ ይደከማል።

የቁልፍ ቤት የምለው ቁልፉ የሚገባበትን ክፍል ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪናዎች ውስጡ ስስ የናስ ቅጠሎች ተደርድረውበታል። እያንዳንዷን ቅጠል ትንሽ ሞላ ይገፋታል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ ቅጠሎቹን በሙሉ እኩል ያስተካክሏቸዋል፤ ያኔ ይዞራል። ስለዚህ ቁልፉ ቢጠፋም መልኩ እዚያው ውስጥ አለ። ሥራው እሱን ማንበብ ነው።

ምንም ቁልፍ የለኝም

መጀመሪያ የሚፈለገው ቁጥር ነው። ፋብሪካዎች ለእያንዳንዱ ቁልፍ ኮድ ይሰጡት ነበር። ቁልፍ ቀራጭ ያን ኮድ ካገኘ ናሙና ሳያይ ይቀርጻል።

ቁጥሩ ያለበት ቦታ እንደ መኪናው ይለያያል። በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 60ዎቹ በተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች፣ ለምሳሌ ሞሪስና ኤምጂ፣ ብዙ ጊዜ የሞተር ማስነሻው ቁልፍ ቤት ፊት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በጨርቅ ይጥረጉት፣ ባትሪ አብርተው በጎን በኩል ይዩት። በ“ኤፍ ኤስ” (FS) የሚጀምር ቁጥር ካዩ ዕድለኛ ነዎት። በቮልስዋገን ቢትል ደግሞ የበሩን እጀታ ፈትተው ወደ ውስጥ የሚገባውን ብረት ይመርምሩ። የቆዩ የጄኔራል ሞተርስ ቁልፎች ኮዱን የያዘች ትንሽ ተነቃይ ቁራጭ ጭንቅላታቸው ላይ ነበረቻቸው፤ ቁልፉ ላይ እንዳትቀር ተነቅላ ትወጣ ነበር። ስለዚህ የድሮ ሰነዶችን፣ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ፣ የቀድሞውን ባለቤት ሁሉ ይጠይቁ። የዳሽቦርዱ ዕቃ ማስቀመጫ ቁልፍ ቤት ላይም ማየት አይርሱ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቁጥር ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ የየትኛው ቁልፍ ቁጥር እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በፈረንጆቹ ከ1967 እስከ 1973 ድረስ በተሠሩት የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች አንዱ ቁልፍ ለሞተርና ለበር፣ ሌላው ለኋላ ዕቃ መጫኛና ለዳሽቦርዱ ማስቀመጫ ነበር። ከ1974 ጀምሮ ደግሞ ሞተሩ ብቻውን ሆነ፣ በሩም ወደ ሁለተኛው ቁልፍ ዞረ።

ቁጥር ጨርሶ ከሌለ ለመፍታት የሚቀልለውን ይምረጡ። ብዙ ጊዜ የበሩ ቁልፍ ቤት ነው። የበሩን ልባስ አውልቀው፣ የያዘውን የብረት ማቀፊያ ስበው ያወጡትና ይዘውት ይሂዱ። ቀራጩ ፈትቶ ቅጠሎቹን ይለካል። መኪናው ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ካገኙ ደግሞ ያልተቀረጸ ቁልፍ አስገብቶ ጫን አድርጎ ያዞረዋል፤ ቅጠሎቹ ቁልፉ ላይ ጥቃቅን ምልክት ይተዋሉ፤ እዚያ ላይ በሞረድ ይሞርዳል፣ እንደገና ይሞክራል። ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ የሚያስደንቅ ሙያ ነው። የመኪናውን የባለቤትነት ሰነድ ይዘው ይሂዱ። ጥሩ ባለሙያ ሳይጠይቅ አይሠራም፤ ቢጠይቅዎም አይከፋዎ።

አዲሱ ቅጂ ይገባል፣ ግን አይዞርም

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቀራጩ አይደለም። ናሙናው አልቋል። ለአሥርት ዓመታት የገባና የወጣ ቁልፍ ጥርሱ ይበላል፤ ቅጂው ደግሞ መበላቱንም ይቀዳል። በብዙ ሥሪቶች ለአንድ ጥርስ ያሉት የጥልቀት ደረጃዎች አራት ወይም አምስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቀራጩ ያለቀውን ለክቶ ወደ ትክክለኛው ደረጃ እንዲመልሰው ይጠይቁ። “ኮፒ አድርግልኝ” ሳይሆን “በኮድ ቅረጽልኝ” ይበሉ። ጨርሶ የማይገባ ከሆነ ግን የቁልፉ ጎን ላይ ያለው ቦይ ዓይነቱ የተለየ ነው፤ ሌላ ያልተቀረጸ ቁልፍ ያስፈልጋል።

ትናንት ሲሠራ የነበረው ቁልፍ ዛሬ እምቢ አለ

መሪው ተቆልፎ እንደሆነ ይዩ። ጎማው ወደ አንድ ጎን ሲጫን የመሪው መቆለፊያ ይነክሳል። መሪውን በቀስታ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ቁልፉን ያዙሩ። በጉልበት አይሁን።

ካልሆነ ቆሻሻ ነው። የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ ተጨምሮበት ከነበረ አቧራ ይዞ ጭቃ ሆኗል፣ ቅጠሎቹም ተጣብቀዋል። ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች በሚሆን የሚረጭ ማጽጃ ይጠቡት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ትንሽ የግራፋይት ዱቄት ይንፉበት።

ቁልፉ ውስጥ ተሰበረ

የተሰበረውን ጭንቅላት አይጣሉ። ሁለቱ ቁራጮች ሲገጣጠሙ ሙሉ ናሙና ናቸው። ቁራጩ የሚወጣው የቁልፍ ቤቱ ቁልፍ በሚወጣበት ቦታ ላይ ሲሆን ነው፤ ግማሽ ዞሮ ከቆመ መጀመሪያ በቀጭን ካቻቪቴ ቀስ ብለው ይመልሱት። ከዚያ ስስ የመጋዝ ምላጭ በቁልፉ ጥርሶች በኩል አስገብተው፣ የምላጩ ጥርሶች ወደ እርስዎ ዞረው፣ ይሳቡ። ሙጫ ግን በፍጹም አይሞክሩ። ሙጫው ቅጠሎቹን ከያዘ የቁልፍ ቤቱ አለቀለት።

ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

ከቁልፍ ቤቱ ኋላ ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ በብዙ መኪናዎች ለብቻው የሚፈታ ነው። ባትሪውንና ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር) ካረጋገጡ በኋላ እሱን ይቀይሩ። ቁልፍዎ ደህና ነው።

መቀየር ግድ ከሆነ

የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይንቀሉ። በብዙ ሞዴሎች ቁልፉ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ዞሮ፣ በትንሿ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ሲገባ፣ የቁልፍ ቤቱ ተንሸራቶ ይወጣል። ልብ ይበሉ፤ ለማውጣትም የሚሠራ ቁልፍ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የሚጣል እንኳ ቢሆን መጀመሪያ ቁልፍ ይሠራለት የምለው። በትራፓኖ መብሳት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ዙሪያው ያለው ብረት ብዙ ጊዜ በቀላሉ የሚሰነጠቅ ዚንክ ነው። መቆለፊያው በተጎዳ መሪ ደግሞ በፍጹም አይንዱ። በጉዞ ላይ ሊቆልፍብዎ ይችላል።

ሌላ የቁልፍ ቤት ካገኙም ሁለት ቁልፍ ለመያዝ አይገደዱም። ዓይነታቸው አንድ ከሆነ ባለሙያው ቅጠሎቹን አስተካክሎ ለበሩ ቁልፍ ያስማማዋል።

አዲሱን ቁልፍ በር ላይ ሲሞክሩ መስታወቱን ዝቅ አድርገው፣ በሩም ተከፍቶ እንዳለ ይቆልፉ፣ ይክፈቱ። ደጋግሞ ከሠራ በኋላ ይዝጉት።