«ቦምሼል»ን በየቦታው አትጣሉት

ለሐበሻ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሳስተምር እንደዚህ ቃል ያለ ቦታው ሲገባ የሰማሁት የለም። «ቦምሼል» (bombshell) ሰሚው ያልጠበቀው፣ ክው የሚያደርግ ዜና ነው። የእኛ «ዱብ ዕዳ» ይቀርበዋል፤ ግን ዱብ ዕዳ ሁልጊዜ ክፉ ነው፣ ቦምሼል ደግሞ አንዳንዴ «በድብቅ አግብቻለሁ» የሚል የምሥራችም ይሆናል።

ትልቁ ጥፋት ለማንኛውም ወሬ መለጠፉ ነው። የምወቅሰው ዩቲዩብን ነው። ከጠዋት እስከ ማታ «ሰበር ዜና» ሲጮህበት የሚውል ተማሪ ሁለቱ አንድ ይመስሉታል። ኧረ አይደሉም! ሰበር ዜና የሰዓት ጉዳይ ነው፤ አሁን የደረሰ ከሆነ ይበቃል። ቦምሼል ለመባል ግን ማንም ያልጠረጠረው፣ ከተሰማም በኋላ ነገሩ እንደ ቀድሞው የማይቀጥል መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 የብሪታንያው ልዑል ሃሪና ባለቤቱ ሜጋን ለኦፕራ ዊንፍሪ የሰጡት ቃለ ምልልስ ቦምሼል የተባለው፣ ልጃቸው አርቺ ገና ሳይወለድ ስለ ቆዳ ቀለሙ በንጉሣዊው ቤተሰብ ውስጥ ሥጋት ተነሥቶ ነበር ብለው በአደባባይ ስለተናገሩ ነው። የቤት ኪራይ ትንሽ መጨመሩ ያናድዳል እንጂ ቦምሼል አይደለም።

ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ተማሪዬ አለቃዋን «አይ ሃቭ ኤ ቦምሼል» አለቻት። ሴትየዋ በሩን ዘግታ፣ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። አንዱ አዛውንት ተጎድቶ ይሆን? ልጅቷ ሥራ ልትለቅ ይሆን? የእኛዋ የቅዳሜ ፈረቃዋን መቀየር ፈልጋ ነበር። ደፋር ስለሆነች ግን እወዳታለሁ።

ለመርዶም አይሆንም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም እንደኛው መርዶ ሲነግሩ ቀስ ይላሉ፤ «አይም አፍሬድ አይ ሃቭ ባድ ኒውስ» (አዝናለሁ፣ መጥፎ ዜና አለኝ) ብለው ይጀምራሉ።

ከቦምሼል ጋር የሚሄደው ግሥ «ድሮፕ» (መጣል) ነው፤ «ስሮው» (መወርወር) አይባልም።

የመሐሏ «ብ» አትነበብም። በአማርኛ «ቦምብ» ስለምንል ምላሳችን ይጎትታታል።

«ቦምሼል ሪፖርት» እንደሚባለው ከስም ፊት ገብቶ ቅጽል ይሆናል፤ ከስም ኋላም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1992ቱ የብሪታንያ ምርጫ ወግ አጥባቂዎቹ «ሌበርስ ታክስ ቦምሼል» የሚል ፖስተር ሰቅለው ነበር፤ ተቀናቃኛቸው የሌበር ፓርቲ ቢመረጥ ያላሰባችሁት ግብር ይወርድባችኋል ለማለት። ምርጫውንም አሸነፉ።

ከ«ቦምብ» ጋር አታምታቱት። አሜሪካ ውስጥ ፊልም «ቦምድ» ከተባለ ተመልካች አጥቶ ከሰረ ማለት ነው፤ እንግሊዞች ደግሞ «ኮስትስ ኤ ቦምብ» ሲሉ ዋጋው አይቀመስም ማለታቸው ነው።

ሴትን «ቦምሼል» ማለት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለሆሊዉዷ ተዋናይት ጂን ሃርሎው የተሰጠ «ብሎንድ ቦምሼል» የሚል ቅጽል ስም ያስታውሳል፤ ወንድን የሚያፈዝ ውበት ነው። ለሥራ ባልደረባችሁ ካላችሁት ቢሮ ያስጠራችኋል።

አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ቃሉን ጭራሽ አታንሱት። ፈታሹ የሚሰማው የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ነው።