ቤት ልሥራ ወይስ ልግዛ?
መጀመሪያ ጊዜህን ቁጠር። እኔ ሠርቻለሁ። በ8 ወር ያልቃል የተባለው 20 ወር ፈጀ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ኪራይም እከፍል ነበር። ይህን ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትም፤ አንተ አስገባው። ከግምቱ በላይ ቢያንስ 15 በመቶ መጠባበቂያ ከሌለህ መሠረት አታስቆፍር። ኮንክሪት የታሰበለትን ጥንካሬ ለማግኘት 28 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ የሚያጠጣው ሰው ከዘነጋ ጉዳቱ ያንተ ነው። ሥራውን እየተመላለስክ ማየት ካልቻልክ መግዛት ይሻልሃል።

ስትገዛ ግን አዲስ ቀለም አይሸውድህ። ዝናብ በጣለ ማግስት ሂድ። እርጥበት እንዳለው ለማወቅ የግድግዳውን ግርጌ በእጅህ ዳስስ፣ የኮርኒሱን ጥግ አንጋጠህ እይ። ቧንቧዎቹን አንድ ላይ ክፈትና የውሃው ግፊት ይቀንስ እንደሆነ እይ። ቤቱ በዕዳ አለመያዙንም ሳታጣራ አትፈርም። እህቴ እንዲህ እያየች 3 ቤት ትታ 4ኛውን ገዛች።